ጭቃው ከተኛ በኋላ፦ በማውንት ሴንት ሄለንስ የላሃር መሬት ላይ አፈሩ ለዕፅዋት የሰጠውና የነፈገው

የእሳተ ገሞራ አፈር ለም ነው ሲባል በአብዛኛው ሰው አእምሮ የሚመጣው ብዙ ዘመን የቆየው ጥልቅና ጠቆር ያለ አፈር ነው። ያ አፈር ዝናብ ያሟሟው፣ ሥር የሰነጠቀው፣ ቅጠልና ግንድ እየበሰበሰ ያዳበረው፣ የመቶዎችና የሺዎች ዓመታት ሥራ ውጤት ነው። ትናንት ከተራራ ወርዶ ዛሬ የደረቀ የእሳተ ገሞራ ጭቃ ከዚያ አፈር ጋር የሚጋራው የዐለቱን ዘር ብቻ ነው። አንድ ዘር እንዲህ ባለ መሬት ላይ ሲወድቅ ምን ያገኛል? ምን ያጣል? ከሚያጣውስ ውስጥ የሚገድለው የትኛው ነው? ይህ የጉዳይ ጥናት ጥያቄዎቹን የሚመረምረው በአንድ ቦታ ላይ፣ ማለትም በዩናይትድ ስቴትስ ዋሽንግተን ግዛት፣ በካስኬድ ተራሮች ሰንሰለት ውስጥ በሚገኘው የማውንት ሴንት ሄለንስ ተራራ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1980 በወረደው የጭቃ ጎርፍ ላይ ነው። ቦታው ለዚህ ጉዳይ የተለየ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ከ1982 ጀምሮ በተራራው ዙሪያ ያለው ሰፊ መሬት በሕግ ተከልሎ የተፈጥሮ ሂደት በራሱ መንገድ እንዲሄድ ተትቷል፣ ተመራማሪዎችም ከመጀመሪያዎቹ ወራት አንሥተው ለአሥርተ ዓመታት ወደዚያው መሬት እየተመላለሱ ለክተውታል።

ጭቃው እንዴት ወረደ

ግንቦት 10 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 1980፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ላይ በመጠን 5.1 የተመዘገበ የመሬት መንቀጥቀጥ ተራራውን ናጠውና ሰሜናዊው ጎኑ በሙሉ ተንዶ ወረደ። የ57 ሰዎች ሕይወት ጠፋ፤ የተራራውም ከፍታ በ400 ሜትር ገደማ ቀነሰ። በዓለም ዙሪያ ዝናው የገነነው ይህ ናዳና እርሱን ተከትሎ ደኑን ያጨደው የጎን ፍንዳታ ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት የሆነው ግን በተራራው ዙሪያ በየሸለቆው የወረደው የጭቃ ጎርፍ ነው፤ የመስኩ ባለሙያዎች ከጃቫ ቋንቋ በተወሰደ ቃል ላሃር ይሉታል።

ጎርፎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መነሻ አልነበራቸውም። በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ በኩል በመዲ ወንዝና በፓይን ክሪክ ሸለቆዎች የወረዱት ላሃሮች የተፈጠሩት የጋለው የፍንዳታ ፍርስራሽ በተራራው ጎን ላይ የነበረውን በረዶና የበረዶ ግግር በቅጽበት ሲያቀልጥ ነው፤ በገደላማው ቁልቁለት ላይ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየተምዘገዘጉ ወርደው ስዊፍት ወደተባለው የግድብ ሐይቅ ገቡ። በሰሜን ምዕራብ በኩል በቱትል ወንዝ ሰሜናዊ ክንድ የወረደው ከሁሉም የሚበልጠው ላሃር ግን ከሰዓታት በኋላ የመጣ ነበር፤ ከተናደው ተራራ ውስጥ ውኃው ቀስ በቀስ ተጨምቆ ወጥቶ ጭቃ ሆነና ካውሊትዝ ወንዝን አልፎ ኮሎምቢያ ወንዝ ደረሰ፣ 12 ሜትር ገደማ የነበረውንም የመርከብ መተላለፊያ ጥልቀት ወደ 4 ሜትር ገደማ አወረደው። በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ቢዩት ካምፕ በሚባለው ከፍተኛ ሥፍራ አካባቢ የወረዱት ላሃሮች ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ትንንሽ ናቸው። ስለ አፈርና ስለ ዕፅዋት ብዙ ያስተማሩን ግን እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው፤ ወደ እነርሱ እመለሳለሁ።

ጭቃው ከምን ተሠራ

ላሃር ሲፈስ እርጥብ ኮንክሪት ይመስላል። ይህ ንጽጽር ለዕይታ ብቻ የተመረጠ አይደለም፤ በላሃር ውስጥም እንደ ኮንክሪት ድንጋይ፣ ጠጠር፣ አሸዋና ደቃቅ ዱቄት ሳይለያዩ ተደባልቀው ይጓዛሉ፣ ፍሰቱ ሲቆምም እንደተደባለቁ ይቀራሉ። የወንዝ ውኃ ከባዱን በአንድ ቦታ ቀላሉን በሌላ ቦታ እየለየ ያስቀምጣል፤ ላሃር ግን የቤት የሚያህል ቋጥኝና ዓይን የማይለየውን ብናኝ በአንድ ላይ ያስተኛል። ከዚያም በላይ ላሃር በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል፦ የወንዝ ጠጠር፣ የአሮጌ አፈር ጓል፣ ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ ከነነፍሱ የተነቀለ ሥር። በዚህ ምክንያት የላሃር ደለል ከላይ እንደ ዝናብ ከወረደው አመድና ፐሚስ ከተባለው ቀላልና ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይለያል፤ ያለፈውን ሕይወት ቅሪት በጥቂቱም ቢሆን ተሸክሟል።

ዕፅዋትን በሚመለከት ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት በጭቃው ውስጥ የሸክላ ቅንጣት ምን ያህል ነው የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። የሴንት ሄለንስ የ1980 ላሃሮች በብዛት አሸዋና ጠጠር ነበሩ፤ ሸክላቸው እጅግ ጥቂት ስለሆነ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች እርስ በርሱ ከማይያያዘው የላሃር ወገን ይመድቧቸዋል። ከዚያው ሰንሰለት ውስጥ ከሚገኘው ከማውንት ሬኒየር ከ5,600 ዓመታት ገደማ በፊት የወረደው ኦሲዮላ የተባለው ግዙፍ የጭቃ ጎርፍ ደግሞ የተቃራኒው ወገን ነው። የሬኒየር ዐለት ተራራው ውስጥ እያለ በሞቃትና አሲዳማ ውኃ ለረጅም ዘመን ተቀቅሎ ወደ ሸክላነት ተለውጦ ስለነበር ጭቃው ተጣባቂ ሆኖ ወረደ። ሁለቱ መሬቶች በተኙበት ዕለት ለተክል የሚያቀርቡት ነገር ፈጽሞ አይመሳሰልም፦ ሸክላ የበዛበት ውኃ ይይዛል፣ የካልሲየምንና የፖታሲየምን ቅንጣቶች በገጹ ላይ ያኖራል፣ ነገር ግን አየር ያፍናል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። አሸዋ የበዛበት አየር አይከለክልም፤ ውኃና ንጥረ ምግብ ግን በጣቶቹ መካከል እንደሚያልፍ ይለቃል። ስለዚህ «የእሳተ ገሞራ ጭቃ ለተክል ይስማማል ወይስ አይስማማም» የሚል ጥያቄ የተራራው ውስጥ ምን ዓይነት እንደነበር ሳይነገር መልስ አይኖረውም።

አንድ ጉድጓድ

በላሃር መሬት ላይ በአካፋ አንድ ክንድ ያህል ቢቆፈር የሚታየው ይህን ይመስላል። ከላይ ጠጠርና የጡጫ መጠን ያላቸው ድንጋዮች ጎን ለጎን ተነጥፈዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነፋስና ዝናብ በመካከላቸው የነበረውን ብናኝ ጠርገው ስለወሰዱ ገጹ ድንጋይ የለበሰ ሆኗል። አንዱን ድንጋይ ሲያነሡት ከሥሩ ያለው አሸዋ በበጋም ቢሆን ጥቂት እርጥበት ይዞ ይገኛል፤ ከድንጋዩ አንድ ስንዝር ርቆ ያለው ባዶ አሸዋ ግን በጣት ሲነካ ደርቆ ይፈስሳል። ከዚያ በታች አካፋው ይከብዳል፤ ጭቃው ሲቆም ውኃው እየተጨመቀ ስለወጣ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ጠንክረዋል። ቀለሙ ከላይ እስከ ታች ግራጫ ነው። በአሮጌ ደን ውስጥ ቢቆፈር ከላይ የሚታየው ጥቁር የብስባሽ ንጣፍ እዚህ የለም፤ አፈር ከመሬት በምን እንደሚለይ ይህን ግራጫ ግድግዳ ያየ ሰው በቶሎ ይረዳዋል።

በዚህ ግራጫ ነገር ውስጥ ተክል ከሚፈልጋቸው ንጥረ ነገሮች አብዛኞቹ አሉ። ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም በዐለቱ ማዕድናትና በእሳተ ገሞራው ብርጭቆ ውስጥ ይገኛሉ፤ ፎስፈረስም አፓታይት በተባለው ማዕድን ውስጥ አለ። ሁሉም የሚለቀቁት ቀስ በቀስ ቢሆንም አንድ ችግኝ ለመጀመሪያ እድገቱ የሚበቃውን ያህል ያገኛል። ናይትሮጅን ግን የለም ማለት ይቻላል። ይህ ጉድለት በመጠን የሚለካ እጥረት ብቻ ሳይሆን የምንጭ አለመኖር ነው፤ ናይትሮጅን ከቀለጠ ዐለት አይገኝም፣ በአፈር ውስጥ የሚቀመጠው በብስባሽ መልክ ነውና ብስባሽ በሌለበት እርሱም አይኖርም። አየሩ አብዛኛው ናይትሮጅን ቢሆንም ተራ ተክል ከአየር መውሰድ አይችልም። በዝናብ የሚመጣው ጥቂት ነው፤ ነፋስ ከሩቅ እያመጣ የሚጥላቸው ነፍሳትና ሸረሪቶች ሬሳም እንዲሁ ጥቂት ይጨምራል። ተመራማሪዎች ይህንን የነፍሳት ዝናብ በተራራው ዙሪያ ሰብስበው ለክተውታል፤ ተክል ከመብቀሉ በፊት በባዶው መሬት ላይ አዳኝ ነፍሳት ሊኖሩ የቻሉት ከሰማይ በሚወርድላቸው በዚህ ቀለብ ነው።

የበጋው ፈተና

የካስኬድ ምዕራባዊ ጎን ዝናባማ ነው ይባላል፤ ነውም። ነገር ግን ዝናቡና በረዶው የሚመጡት በብርዱ ወራት ነው፤ ተክል በሚያድግባቸው፣ የዚያ አገር በጋ በሆኑት በጁላይና በኦገስት ወራት ሰማዩ ደረቅ ነው። የዓመቱ ዝናብ ጠቅላላ መጠን በወረቀት ላይ ሲታይ በቂ ቢመስልም በአሸዋማ ላሃር ላይ ለበቀለ ችግኝ ግን ወሳኙ ነገር በረዶው ቀልጦ ካለቀ በኋላ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል የቀረው ውኃ ስንት ሳምንት ይቆያል የሚለው ነው። ሻካራ አሸዋ በቅንጣቶቹ መካከል ሰፋፊ ቀዳዳዎች ስላሉት ውኃው በስበት ወደ ታች ይሰርጋል፤ ደቃቁ ደለል ግን ጠባብ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ውኃውን አጥብቆ ያቆየዋል። በአሸዋው ውስጥ የደቃቅ ደለል መጠን በጥቂት በመቶ ሲጨምር የችግኝ ዕድሜ በሳምንታት ሊራዘም ይችላል፤ እነዚያ ሳምንታት ደግሞ ሥሩ ወደ ጥልቀት የሚወርድባቸው ናቸው።

ድርቁ ብቻውን አይመጣም። ጥላ የሌለው ባዶ ማዕድን ገጽ በበጋ ፀሐይ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ በዚህ ሙቀት የችግኝ አንገት ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይቃጠላል። በመኸርና በጸደይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ በእርጥብ ደቃቅ አፈር ውስጥ ያለው ውኃ ማታ ማታ እየረጋ ቀጫጭን የበረዶ መርፌዎች ሆኖ ያድጋል፣ መርፌዎቹም ችግኙን ከሥሩ ጋር ወደ ላይ ይገፉታል። እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ እውነት ይታያል፦ በበጋ ውኃ በመያዙ ችግኝን የሚያድነው ደቃቅ አፈር በብርድ ወራት ነቅሎ የሚጥለውም እርሱ ነው። ስለዚህ ደቃቅ አፈር እንዲሁ በጅምላ ጥሩ ነው ማለት አይቻልም፤ ከላዩ ድንጋይ ሲሸፍነው ግን ድንጋዩ ትነቱን ይቀንሳል፣ ጥላ ይሰጣል፣ የሌሊቱንም ቅዝቃዜ ያለዝባል።

በተራራው ላይ የችግኞችን አቀማመጥ የቆጠሩ ተመራማሪዎች ያገኙት ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ችግኞች በመሬቱ ላይ እኩል ተበትነው አልተገኙም፤ በድንጋይ ጥግ፣ ጎርፍ በቆረጣቸው ትንንሽ ቦዮች ውስጥ፣ በስንጥቆችና በረባዳ ቦታዎች ተሰብስበው ነው የተገኙት። ድንጋዩ ነፋስ የሚያንከባልለውን ዘር ያስቆማል፣ ቦዩ ከላይ የታጠበውን ደቃቅ አፈር ይቀበላል፤ ስለዚህ ዘሩ፣ ውኃውና ጥቂቱ ብስባሽ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። አንድ ሄክታር መሬት ላይ የአፈር ናሙና ወስዶ አማካዩን ማስላት ለብዙ ነገር ይጠቅማል፤ እዚህ ግን አማካዩ የሚገልጸው ምንም የማይበቅልበትን ባዶ መካከል ነው። የችግኙ ዕጣ የሚወሰነው በመዳፍ ስፋት ነው።

ዘሩ ካልደረሰ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ዘር መሬቱ ላይ ደርሷል ብሎ ይነሣል። በቢዩት ካምፕ አካባቢ ያሉት ሁለት ላሃሮች ይህንን መነሻ እንድንመረምረው ያስገድዳሉ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ሮጀር ዴል ሞራል ከባልደረቦቹ ጋር ለረጅም ዓመታት ሁለቱንም ተከታትሏቸዋል። ከፍታቸው ተቀራራቢ ነው፤ የተሠሩበት ነገርም፣ የሚያገኙት ዝናብም እንዲሁ። ልዩነታቸው አንደኛው ከቆመ ደን ጋር የተዋሰነ ሲሆን ሌላኛው ከደኑ ርቆ መገኘቱ ነው። በደኑ ጠርዝ ያለው ላሃር ላይ ሎጅፖል ፓይንና ሌሎች የጥድ ወገኖች ቀደም ብለው ሥር ሰደዱ፤ በራቀው ላይ ግን ዛፍ የገባው ዘግይቶና ሳስቶ ነው፣ ለረጅም ጊዜም የሣርና የአበባ መሬት ሆኖ ቆየ። በምሥራቅ በኩል በመዲ ወንዝ ላሃር ላይ ይኸው ቡድን የዕፅዋቱን ስብጥር ከቦታው ባሕርያት ጋር ሲያነጻጽር የአካባቢው ሁኔታ የገለጸው ልዩነት ደካማ ሆኖ አግኝቶታል፤ ቦታዎቹ እርስ በርስና ከዘር ምንጭ ጋር ያላቸው ርቀት የበለጠ ተናገረ።

ይህ ውጤት አፈርን ለሚያጠና ሰው ደስ አይልም፤ ሆኖም በግልጽ መቀመጥ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማን ይመጣል የሚለውን የሚወስነው ነፋስና ርቀት ነው። አፈሩ የሚወስነው ከመጡት ውስጥ ማን እንደሚተርፍና ምን ያህል እንደሚያድግ ነው። ሁለቱ ደግሞ እርስ በርስ ይጋጫሉ፦ ከሩቅ የሚመጡት እንደ ፋየርዊድ ያሉት ዕፅዋት ዘራቸው ጭገር ያለው፣ ቀላልና ትንሽ ስለሆነ በነፋስ ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛሉ፤ ትንሽ ዘር ግን ስንቁ ትንሽ ነውና ቡቃያው ከደረቀው የላይኛው አሸዋ በታች ያለውን እርጥበት ሳይደርስበት ይሞታል። ትልቅ ዘር ያላቸው ሥራቸውን በጥልቀት ለመስደድ የሚበቃ ስንቅ አላቸው፤ ነገር ግን አይበሩም። መሬቱ ባዶ ሆኖ የሚቆይበት ዘመን የሚረዝመው መድረስ የሚችሉት መትረፍ ስለሚያቅታቸው፣ መትረፍ የሚችሉት ደግሞ መድረስ ስለሚያቅታቸው ነው።

የዱሩ ግብጦ

ከዚህ አጣብቂኝ የወጣው ታሪክ የአንዲት ትንሽ ተክል ታሪክ ነው። ሉፒነስ ሌፒደስ የተባለችው ይህች ተክል የግብጦ ወገን ናት፤ በመሬት ላይ ተነጥፋ የምታድግ፣ ቅጠሏ ብርማ ጠጉር የለበሰ፣ አበባዋ ሐምራዊ ናት። ዘሯ ከባድ ነው፣ በነፋስ አይሄድም፤ ፍሬው ደርቆ ሲፈነዳ ዘሩ ከእናቱ ጥቂት ሜትር ያህል ነው የሚወረወረው። ሆኖም ከተራራው በስተሰሜን ባለው፣ ሕይወት ጨርሶ በጠፋበት የፐሚስ ሜዳ ላይ፣ ከፍንዳታው በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ውስጥ በቅላ ተገኘች፤ በቢዩት ካምፕ በኩል ደግሞ በአካባቢው ከተረፉት ተክሎች ወደ ላሃሮቹ ገባች።

የዚህች ተክል ሥር ቢነቀል በጥቃቅን እባጮች የተሞላ ሆኖ ይገኛል። አንዱን እባጭ በጥፍር ሲሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ቀለም ካለው በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች በሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ባክቴሪያዎቹ የአየሩን ናይትሮጅን ተክል ወደሚጠቀምበት መልክ ይለውጣሉ፣ ተክሏም በምላሹ ስኳር ትሰጣቸዋለች። ግራጫው መሬት ያልነበረውን ነገር ማግኘት የጀመረው በዚህ መንገድ ነው። በግብጦዋ ሥር ያለው አፈር ከአጠገቡ ካለው ባዶ መሬት ጋር ሲነጻጸር ካርቦኑና ናይትሮጅኑ ከፍ ያለ፣ በውስጡ የሚንቀሳቀሱት ረቂቅ ሕዋሳትም የበዙ መሆናቸው በልኬት ታይቷል።

ነገር ግን ግብጦዋ መሬቱን አለማች፣ ሌሎችም ተከተሉ ብሎ መደምደም ጉዳዩን ያለ ልክ ያቀለዋል። በፐሚሱ ሜዳ ላይ የሌሎች ፈር ቀዳጅ ዕፅዋትን ችግኝ በግብጦ ቁጥቋጦ ውስጥና በባዶ መሬት ላይ ተክለው ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ ላይ አገኙ፦ በሕያው ግብጦ መካከል የተተከሉት ችግኞች በብዛት ሞቱ፤ የተረፉት ግን ባዶ መሬት ላይ ካሉት በልጠው አደጉ። ሕያዋን ተክሎች ብርሃንና ውኃ ይሻማሉ፤ በበጋ መጨረሻ በአሸዋው ውስጥ የቀረችውን እርጥበት ጥልቅ ሥር ያላት ግብጦ ትወስዳታለች። ግብጦዋ ስትሞት ግን ሥሯና ቅጠሏ ይበሰብሳሉ፣ በሕይወት ሳለች የሰበሰበችው ናይትሮጅን ለሌላው ይደርሳል፤ ዕድሜዋም አጭር ነው። አፈሩ በእርግጥ የሚለማው ከሞተችው ተክል ነው። በተጨማሪም ነፋስ የሚያመጣው ደቃቅ አፈር በቁጥቋጦዋ ሥር ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ናይትሮጅንን ብቻ ሳይሆን ውኃ የመያዝ አቅምንም ጭምር ትታ ታልፋለች። ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ የአፈር ባሕርይ ተክል ከውጭ የሚቀበለው የተሰጠ ነገር መሆኑ በአንድ ተክል ዕድሜ ውስጥ ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ አፈሩን የሚሠራው ተክሉ ራሱ ነው።

በዝቅተኛው ሸለቆ

በወንዞቹ ዝቅተኛ ሸለቆዎች ያለው ሁኔታ ከከፍተኛው የተለየ ነው። ላሃሩ ከገደሉ ወጥቶ ሲሰፋ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ደለሉ በየቦታው የተለያየ ነው፤ በዋናው ፍሰት መንገድ ላይ ቋጥኝና ሻካራ ጠጠር፣ በዳር በዳር ግን ቀጭንና ደቃቅ ጭቃ ተኝቷል። በመዲ ወንዝ ላይ ከላይ በኩል ላቫ ካንየን በሚባለው ገደል ውስጥ ላሃሩ የነበረውን አፈርና ዕፅዋት ጠርጎ ባዶ ዐለት ትቶ ሄደ፤ ከዚያ በታች ደግሞ የጠረገውን አስተኛ። በአንድ ወንዝ ላይ፣ በአንድ ጠዋት፣ አፈር የጠፋበትና አፈር የተከመረበት ቦታ ተፈጠረ።

በዚህ በዝቅተኛው ክፍል አፈሩን የሚያለማው ሬድ አልደር የተባለው ዛፍ ነው። ዘሩ ትንሽና ቀላል ሆኖ በነፋስም በውኃም ይጓዛል፤ በሥሩ እባጮች ውስጥም ፍራንኪያ የተባለ ባክቴሪያ ናይትሮጅንን ከአየር ይሰበስብለታል። ከላይ የተገለጸው አጣብቂኝ እዚህ የሚፈታው አንድ ተክል መጓዝንም ማልማትንም በመቻሉ ነው፤ ሆኖም ትንሹ ዘር እርጥብ መሬት ይፈልጋልና አልደር ጥቅጥቅ ብሎ የወጣው በወንዝ ዳርና ደቃቅ አፈር ባለበት ነው። ጥቅጥቅ ያለ ወጣት የአልደር ደን በዓመት በሄክታር ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ናይትሮጅን ሊጨምር ይችላል። ይህ ያለ ዋጋ አይመጣም፤ የተትረፈረፈው ናይትሮጅን በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ይፈጠራል፣ አፈሩም ቀስ በቀስ አሲዳማ ይሆናል፣ ካልሲየምና ማግኒዚየምም በዝናብ ይታጠባሉ። አኻያም በእነዚህ እርጥብ ዳርቻዎች ከአልደር ጋር አብሮ ይበቅላል።

የጭቃው ውፍረትም ራሱ እንደ አፈር ባሕርይ መታየት ይገባዋል። ቀጭን ደለል በወረደበት ቦታ አሮጌው አፈር ከሥር አለ፤ ከሥር የተረፉ ሥሮች ጭቃውን ሰንጥቀው ይወጣሉ፣ ላይ የወደቀ ችግኝም ሥሩ ሲረዝም ወደ አሮጌው ለም አፈር ይደርሳል። ወፍራም በሆነበት ደግሞ ይህ ሁሉ ይቀራል፤ የቆሙ ዛፎችም ሳይወድቁ ይሞታሉ፣ ምክንያቱም ሥሮቻቸው ከተቀበሩ በኋላ አየር ስለማያገኙ ነው። በማውንት ሬኒየር እ.ኤ.አ. በ1947 በኦክቶበር ወር በከባድ ዝናብ ምክንያት የወረደው የካውትዝ ክሪክ የጭቃ ጎርፍ ከሁሉ ይልቅ ይህን ያሳያል፤ መንገዱን ከ8 ሜትር በላይ በሆነ ደለል ቀበረው፣ በጭቃው መካከል የቆሙት ዛፎች ደርቀው ግንዳቸው ብቻ ለዓመታት እንደቆመ ቀረ።

በእንስሳትና በፈንገስ ላይ ብዙ አልቆይም። በመሬት ውስጥ የሚኖረው የፍልፈል ዓይነት፣ ጎፈር የተባለው፣ ከተቀበረው አሮጌ አፈር ጥቂቱን እያወጣ ከአመዱና ከደለሉ በላይ ከምሮታል፣ ከአፈሩም ጋር የፈንገስ ዘር ወጥቷል። ማይኮራይዛ የተባሉት ከሥር ጋር የሚኖሩ ፈንገሶች ለጥድ ዛፎች የግድ ያስፈልጋሉ፤ ከመጀመሪያዎቹ ደራሾች ብዙዎቹ ግን ያለ እነርሱም መኖር የሚችሉ ናቸው። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ቀድመው የተገኙት እነዚህ መሆናቸው ከዚህ ጋር ይሄዳል።

ከዓሥርተ ዓመታት በኋላና ከመቶዎች ዓመታት በኋላ

የሴንት ሄለንስ ላሃር ለአፈር ገና ልጅ ነው። ወደፊት ምን እንደሚሆን ለመገመት የሚረዳው በካሊፎርኒያ የማውንት ሻስታ ተራራ ነው፤ በዚያ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው የጭቃ ጎርፎች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ዲክሰንና ክሮከር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከ27 ዓመት እስከ ከ566 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸውን አነጻጽረዋል። ተከታታዩ ያሳየው አቅጣጫ ግልጽ ነው፦ በዕድሜ ብዛት ብስባሽና ናይትሮጅን ከላይኛው አፈር ጀምሮ ይጠራቀማሉ፣ አፈሩ ይላላል፣ አሲዳማነቱም ይጨምራል። ብስባሽ በአንድ ትውልድ ውስጥ በግልጽ ይታያል፤ ሸክላ ግን የማዕድናትን መሟሟት ይጠብቃልና ከዚያ እጅግ ይዘገያል።

በዚያ ረጅም ጉዞ ውስጥ የተክልን እድገት የሚገድበው ንጥረ ነገርም ይለወጣል። የእሳተ ገሞራው ብርጭቆ በእርጥብ አየር ንብረት ውስጥ ሲሟሟ አሎፌን የተባለ፣ መደበኛ ቅርጽ የሌለው ደቃቅ ማዕድን ይፈጠራል፤ ይህ ማዕድን ውኃንና ብስባሽን አብዝቶ ይይዛል፣ የእሳተ ገሞራ አፈር በቀላልነቱና በልስላሴው የሚታወቀውም በእርሱ ነው። ነገር ግን ያው ማዕድን ፎስፈረስን አጥብቆ ስለሚያስር ለሥር አይለቀውም። በመጀመሪያ ናይትሮጅን የሌለውና ፎስፈረስ የነበረው መሬት፣ ናይትሮጅን ካገኘ በኋላ በፎስፈረስ የሚራብ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን መሬት በማዳበሪያ ለመርዳት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የመሬቱን ዕድሜ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው፤ ለአሥር ዓመት ላሃርና ለሺህ ዓመት ላሃር የሚሆነው መድኃኒት አንድ አይደለም።

በቢዩት ካምፕ ከደኑ ጋር የተዋሰነው ላሃር ላይ በአሁኑ ጊዜ ፓይኖቹ አድገው ጥላቸው እየተገናኘ ነው። ከሥራቸው የወደቀው መርፌ ቅጠል ድንጋዩን መሸፈን ጀምሯል፤ ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርጉት ከግራጫው አሸዋ በላይ ቀጭን ቡናማ ንጣፍ ይታያል። ብርሃን የምትወደው ግብጦ ከዚያ ጥላ ሥር እየጠፋች ነው።